የሥራ ስንብት ክፍያ ሲከለከል ወዴት ይኬዳል? በጎንደር ላለ ሠራተኛ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በአንዳንድ አገሮች ሥራውን ያጣ ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ የሚከፈለው የሥራ አጥነት ዋስትና አለ፤ ጥያቄው ውድቅ ቢደረግበትም ይግባኝ የሚልበት የታወቀ መሥሪያ ቤት አለው። በአገራችን እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የሚያዋጡበት የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ ለእርጅና፣ ለጤና ጉድለት፣ ለሥራ ላይ ጉዳትና ለተተኪዎች የቆመ በመሆኑ፣ ዛሬ ከሥራ ተሰናብቶ በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ ለሚጠየቅ ጎልማሳ የሚደርስለት አይደለም። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው የሚተማመነው ከአሠሪው በሚያገኘው የመጨረሻ ሒሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ፣ ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነም ካሳ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህ ሒሳብ «አይገባህም» ወይም «አይገባሽም» ተብሎ የተከለከለበትን ሠራተኛ ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህ ችግር እንግዳ አይደለም። የከተማዋ ነዋሪ ብዙው እንጀራውን የሚያገኘው በሆቴልና በእንግዳ ማረፊያ፣ በአስጎብኚነት፣ በግንባታና በትራንስፖርት ሥራ ነው። በ2012 በመጣው ወረርሽኝ፣ ከዚያም በሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ፣ አሠሪዎች ሠራተኛ መያዝ ከበዳቸው። በዚህ መካከል ደብዳቤ ሳይጻፍለት «ሥራ ሲኖር እንጠራሃለን» ተብሎ በቃል የተሸኘ ሠራተኛ ጥሪውን ሲጠብቅ መብቱ የሚቃጠልበት መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

መንገዶቹ በመሠረቱ አራት ናቸው፤ ከአሠሪው ጋር በቀጥታ መነጋገር፣ በሽማግሌ መጨረስ፣ ለከተማው የሥራና ሥልጠና መምሪያ ማመልከት፣ ወይም በፍርድ ቤት መክሰስ። ሰው ከእነዚህ አንዱን ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የቱ እንደሚቀልና የቱ እንደሚያስከፋ ነው። በእኔ እምነት ግን ምርጫውን መወሰን ያለበት ጊዜ ነው፤ የትኛው መንገድ የይርጋውን፣ ማለትም መብት ሳይጠየቅ ሲቀር የሚታገድበትን የጊዜ ገደብ፣ ቆጠራ ያቋርጣል፣ የትኛውስ ሳያቋርጥ ጊዜውን ይበላል የሚለው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ መለየት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው መመለስ ከፈለገ ክሱን ማቅረብ ያለበት ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው። ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ከውሉ መቋረጥ የሚመነጨውን ክፍያ እስከ 6 ወር ድረስ መጠየቅ ይችላል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 6 ወር ይታገዳል። ይህን ልዩነት ሳያውቅ 4 ወር በሽምግልናና በልመና ያሳለፈ ሠራተኛ ገንዘቡን አሁንም መጠየቅ ቢችልም፣ ወደ ሥራው የሚመለስበት በር ተዘግቶበታል።

ወደ ሥራ መመለስ ይሻላል ወይስ ካሳ መቀበል የሚለውን ሠራተኛው በሚገባ ሊያስብበት ይገባል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስና ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈለው ሊወስን ይችላል፤ ይህ ውዝፍ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር፣ በይግባኝ ደግሞ ከ1 ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። ይሁን እንጂ የሥራ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ፣ ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግ እንኳ ካሳ ተከፍሎት እንዲሰናበት ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ በየዕለቱ በሚገኝበት አነስተኛ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተካስሶ አብሮ መሥራት ከባድ ስለሚሆን፣ እንዲህ ባለ ቦታ ለሚሠራ ሰው ካሳው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሠራተኛ ባለበት ፋብሪካ ወይም ትልቅ ሆቴል ውስጥ ግን፣ በተለይ የሠራተኛ ማኅበር ካለ፣ መመለስ የሚቻልና ብዙ ጊዜም የሚጠቅም ነው። የተባረረው ቅሬታ በማቅረቡ፣ የማኅበር አባል በመሆኑ፣ በእርግዝና፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት ከሆነ ደግሞ ሕጉ ወደ ሥራ የመመለስ መብቱን አጠንክሮ ይጠብቅለታል።

ቀጥሎ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል፤ የሚገባውን ያላወቀ ሰው በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ይጎዳልና። በወር 6,000 ብር እየተከፈላት በአንድ ሆቴል 6 ዓመት ሙሉ የአልጋ ክፍል ስታዘጋጅ የቆየች ሠራተኛን እንውሰድ። የሥራ ስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዟ በ30 ተባዝቶ የሚገኘው፣ ማለትም 6,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 2,000 ብር ስለሚታከል ለ5ቱ ዓመታት 10,000 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 16,000 ብር ነው። አገልግሎቱ የቱንም ያህል ቢረዝም ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ሆቴሉ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከሆነ የተሰናበተችው፣ የቀን ደመወዟ 60 እጥፍ፣ ማለትም 12,000 ብር ይጨመርላታል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ 2 ወር በመሆኑ፣ ሕጉ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ እያስገደደ ሳይሰጣት ከተሰናበተች ሌላ 12,000 ብር ትጠይቃለች። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሰች ደግሞ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ፣ ማለትም 36,000 ብር ካሳ አላት። በዚህ የመጨረሻው ሁኔታ የስንብት ክፍያው፣ የማስጠንቀቂያው ክፍያና ካሳው ተደምረው 64,000 ብር ይደርሳሉ። አሠሪው «የአንድ ወር ደመወዝሽን ውሰጂና እንለያይ» ሲላት ምን እየተወች እንደሆነ የምታውቀው ይህን ስሌት አስቀድማ ከሠራች ብቻ ነው።

በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ነው። ከ5 ዓመት በታች ያገለገለን ሰው «የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍ፣ ለሥራ ልምድህ ይጠቅምሃል» ብለው የሚያግባቡ አሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ የአሠሪው በመሆኑ፣ ለእርሱ ሲባል ያልፈለጉትን መልቀቂያ መፈረም ፈጽሞ አያስፈልግም።

ከአሠሪው ጋር በቀጥታ መነጋገር

ይህ መንገድ የሚሻለው አሠሪው መብቱን ሳይክድ ክፍያውን ብቻ በሚያዘገይበት ጊዜ ነው። ሕጉ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል፤ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከፍለው ይችላል። ይህን በትሕትና በደብዳቤ ማስታወስ ብቻውን ክፍያ ያስገኘበት ጊዜ አለ። ሠራተኛው በእጁ ያለውን የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ከቆየ ግን የ7 ቀኑ ጊዜ ይራዘምበታል፤ ስለዚህ ቁልፉን፣ የደንብ ልብሱን፣ የመሣሪያ ሣጥኑን በርክክብ ሰነድ አስረክቦ ክሊራንሱን ቶሎ መጨረስ ለራሱ ይጠቅመዋል።

ጥያቄው በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። ደብዳቤው የቅጥሩን ቀን፣ የስንብቱን ቀን፣ ደመወዙን፣ የተጠየቀውን ክፍያ በዝርዝር ይዞ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ቅጂ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይደረግበት። አሠሪው «በየወሩ ከፋፍዬ እከፍላለሁ» ቢል መቀበል ይቻላል፤ ነገር ግን የዕዳው ጠቅላላ መጠንና የመክፈያው ጊዜ ተጽፎ መፈረም አለበት። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ወይም ከፊሉን መክፈሉ በሕጉ ይርጋውን የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ይህች አንዲት ወረቀት ሠራተኛውን ትጠብቀዋለች። ከፊል ክፍያ ሲቀበል ደግሞ «ሙሉ ሒሳቤን ተረክቤ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ጽሑፍ ላይ መፈረም የለበትም፤ የተቀበለውን መጠን ብቻ ጠቅሶ፣ ቀሪ ጥያቄው እንደተጠበቀ መሆኑን ከፊርማው በላይ መጻፍ ይችላል።

በድርጅቱ የሠራተኛ ማኅበር ካለ የቅሬታ ሥርዓቱ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይገኛል፤ ማኅበሩን በመጀመሪያው ሳምንት መያዝ ጠቃሚ ነው። ቢያንስ 10 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም የሚቻል ቢሆንም፣ በከተማችን አነስተኛ ሆቴሎች ማኅበር እምብዛም አይታይም።

በሽማግሌ መጨረስ

ጎንደሬ ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ መላክ ልማዱ ነው፤ እኔም ይህን ልማድ የምናቅ አይደለሁም። አሠሪውና ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሰዎች፣ የአንድ ደብር ምእመናን ወይም የአንድ እድር አባላት ናቸው፤ ነገ በለቅሶና በሠርግ ይገናኛሉ። ሽማግሌ ወጪ የለውም፣ ቀጠሮ አያንዛዛም፣ የተከፋውንም ልብ ይጠግናል። አሠሪው ራሱ የከሰረ፣ ነገር ግን ይሉኝታ ያለው ሰው ሲሆን ከሽማግሌ የተሻለ መንገድ ላይገኝ ይችላል።

ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቡኛል። የመጀመሪያው ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ቆርጠው ማስታረቅ የለመዱ መሆናቸው ነው፤ ሕጉ 16,000 ብር ብሎ የወሰነውን «እስቲ ስምንቱን ይስጥሽ፣ አንቺም ተዪለት» ሲሉ የሚቀነሰው ከደካማው ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ፊት ከመቀመጥ በፊት ስሌቱን በወረቀት ይዞ መሄድና ክርክሩ ስለ ክፍያው ጊዜ እንጂ ስለ መጠኑ እንዳይሆን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛውና የባሰው የይርጋው ነገር ነው። ሽምግልና በራሱ ይርጋን አያቋርጥም። «ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ»፣ «ጋሼ ከመንገድ ሲመለሱ እንነጋገር» እየተባለ 3ቱ ወር፣ ቀጥሎም 6ቱ ወር ሲያልፍ፣ ሽማግሌዎቹ በቅንነት የሠሩት ሥራ ሳያስቡት ለአሠሪው መከላከያ ይሆነዋል፤ ክስ ሲቀርብበት የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «በይርጋ ታግዷል» የሚል ነውና። ሽማግሌ የመረጠ ሰው ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የመጨረሻ ቀን ይቁረጥ፤ ከስምምነት ከተደረሰም ስምምነቱ ተጽፎ አሠሪው ይፈርምበት፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ።

ወደ ሽማግሌ ፈጽሞ መሄድ የሌለበት ጉዳይም አለ። ሠራተኛዋ ሥራዋን የተወችው በአሠሪው ወይም በአለቃዋ የወሲብ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ስለደረሰባት ከሆነ፣ ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ ለመልቀቅም፣ የስንብት ክፍያና ካሳ ለመጠየቅም መብት ይሰጣታል። በዚህ ምክንያት ውሏን የምታቋርጠው ድርጊቱ በተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በመሆኑ ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ «ገመናሽን አታውጪ» የሚል ምክር የሚጠብቀው ጥቃት አድራሹን ነው።

የሥራና ሥልጠና መምሪያ

በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያለውን ይህን መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ» እያለ ነው የሚጠራው። በፌዴራል ደረጃ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2014 ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲዋቀር በየክልሉም የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ተቀይሯል፤ አድራሻ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱንም ስም ቢጠራ ቶሎ ይደርሳል።

የመምሪያው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ ሥራ ቦታው ገብቶ ፔሮልና የቅጥር ሰነድ መመርመር፣ ሕግ የተጣሰበትንም ነገር እንዲታረም ማዘዝ ይችላል። በእጁ ምንም ሰነድ ለሌለው ሠራተኛ ይህ ሥልጣን ትልቅ ነገር ነው። አንድ ላይ የተሰናበቱ ሠራተኞች ሲሆኑ ደግሞ የበለጠ ጉልበት አለው፤ በቅነሳ ስም የተባረሩ ሰዎች በአንድ ማመልከቻ ሲቀርቡ አሠሪው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አግባብቶ የሚለያይበት ዕድል ይጠባል። በአንጻሩ መሥሪያ ቤቱ ፍርድ ቤት አይደለም። አሠሪው «የተሰናበተው በጥፋቱ ነው» ብሎ ከተከራከረ ጥፋቱ አለ ወይስ የለም ብሎ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ዳኛ ነው። ስለዚህ ክሱን የሚተካ መንገድ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ይህን መንገድ ከሽምግልና የሚያስበልጠው ጉዳይ ይርጋው ነው። አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ለተሰጠው አካል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ የመጨረሻ መልስ እስኪሰጥበት ድረስ ይርጋውን ያቋርጣል። ሆኖም እየደጋገሙ በማመልከት ጊዜ መግዛት ይቻላል ብሎ መተማመን አይገባም። ደግሞም አቤቱታው መቅረቡ በማስረጃ መታወቅ አለበት፤ ባለጉዳዩ በቃል አስረድቶ፣ ባለሙያውም ለአሠሪው ስልክ ደውሎ የቀረ ጉዳይ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢጠየቅ የሚታይ ነገር የለውም።

መሥሪያ ቤቱን ማግኘት ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በስልክ ጉዳይ ለመጨረስ መሞከር አይመከርም፤ በአካል ቀርቦ ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት ማስገባት፣ በራስ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ፣ ጉዳዩ የተመራለትን ባለሙያ ስምና የቢሮ ቁጥር መጠየቅ ነው ዋናው ሥራ። ከአዘዞም ሆነ ከከተማው ዳርቻ የሚመጣ ሰው ጧት ቢሮ ሲከፈት ቢደርስ ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዎቹ ለቁጥጥር ወይም ለስብሰባ የሚወጡበት ጊዜ ይበዛልና። ባለሙያው ከሌለ «ነገ ና» በሚለው መልስ ብቻ አለመመለስ፣ ይልቁንም የቡድን መሪውን ወይም ኃላፊውን ማነጋገር ተገቢ ነው። ሳምንታት ያለ ምላሽ ካለፉ በመጀመሪያው ማመልከቻ የገቢ ቁጥር ተጠቅሶ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፍ፤ አሠሪው ቀርቦ ካልተስማማም መሥሪያ ቤቱ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲገልጽ ይጠየቅ፤ ያ ደብዳቤ ለክሱ መነሻም ማስረጃም ይሆናል። መንገድ በመዘጋቱ ወይም መሥሪያ ቤት ባለመከፈቱ የተስተጓጎለ ቀን ሲኖር ቀኑንና ምክንያቱን መዝግቦ መያዝም ይጠቅማል፤ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያለፈን ጊዜ ፍርድ ቤት ሊቀበል የሚችለው ምክንያቱ ሲረጋገጥና እንቅፋቱ ከተነሣ በኋላ ሳይዘገይ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ፍርድ ቤት

የአንድ ሠራተኛ የስንብትና የክፍያ ክርክር በክልሉ የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ የሚባለው አካል የሚመለከተው የወል ክርክርን፣ ለምሳሌ በኅብረት ስምምነት ወይም በጠቅላላ የደመወዝ ጭማሪ ላይ የሚነሣን ጉዳይ በመሆኑ፣ የግል የስንብት ጥያቄ ይዞ ወደዚያ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የመንግሥት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አይዳኝም፤ የራሱ የቅሬታ ሥርዓትና የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው። የሥራ መሪዎችና በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ የቤት ሠራተኞች መቅረታቸው ሊታረም የሚገባው ከባድ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህን ባለማወቅ ገንዘብ የለኝም ብሎ መብቱን የተወ ሰው አለና ደግሜ ማስታወስ እፈልጋለሁ። ወጪው ማመልከቻ ማጻፊያ፣ ፎቶ ኮፒና መመላለሻ ነው፤ ጠበቃ ከተያዘም የጠበቃው አበል ይጨመራል። ጉዳዩ ግልጽ ከሆነ፣ ማለትም ቅጥሩና ስንብቱ ካልተካዱና የቀረው ስሌት ብቻ ከሆነ፣ ያለ ጠበቃ መከራከር ይቻላል። አሠሪው «ሰርቋል» ወይም «ንብረት አጥፍቷል» የሚል ከባድ ክስ ካነሣ ግን የሕግ ባለሙያ ያስፈልጋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ምክር ይሰጣል፣ አቤቱታም ያዘጋጃል፤ ከራፖር ጸሐፊ ዘንድ ከመሄድ በፊት እዚያ መጠየቁን አጥብቄ እመክራለሁ።

የጽሑፍ የቅጥር ውል የለኝም ማለት መብት የለኝም ማለት አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ነበረበት፤ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ የመታወቂያ ካርድ፣ የፈረቃ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ የቴሌግራም የሥራ ትእዛዝ፣ አብረው የሠሩ ምስክሮች ሁሉም ለማስረጃነት ያገለግላሉ። እነዚህን ከስንብቱ ቀን ጀምሮ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛው ከሥራ ቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ከተወገደ በኋላ የቀድሞውን መልእክት ማግኘት ይቸግረዋልና።

አሠሪው የሚያቀርባቸው መከላከያዎች የታወቁ ናቸው። «ኮንትራቱ አልቋል» የሚለው በየጥምቀቱ ለተጨናነቀው ወቅት ብቻ ለተቀጠረ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዘወትር ሥራ በየ6 ወሩ እየታደሰ ለዓመታት የቆየ ኮንትራት ግን በሕጉ ግምት ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ሊባል ይችላል። «ከሥራ ቀርቷል» ለሚለው ደግሞ አዋጁ የሚጠይቀው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት መቅረቱን ነው። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በኋላም በዚያ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት አይችልም፤ ብዙ የስንብት ደብዳቤዎች በዚህ ቀን ቆጠራ ይወድቃሉ።

አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃው ችሎት በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይላል። በተግባር መጥሪያ ባለመድረሱ፣ ምስክር ባለመቅረቡ ወይም ፍርድ ቤቶች በክረምቱ መውጫ በከፊል ዝግ በመሆናቸው ሊዘገይ ይችላል፤ ሠራተኛው ይህን ጊዜ እንዴት እንደሚያልፈው አስቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል። ክስ መሥርቶ በሌላ ቦታ ሥራ መጀመር የስንብት ክፍያውን አያስቀርም። ክሱ ከቀረበ በኋላም ቢሆን አሠሪው በሽማግሌ ቢመጣ መታረቅ ይቻላል፤ እንዲያውም ሽምግልና ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው መዝገቡ ከተከፈተና ይርጋው ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ ስምምነቱም ለችሎቱ ቀርቦ ሲመዘገብ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ስለዚህ በአሠሪው ቅንነት ላይ ጥርጣሬ ያለበት ሰው በመጀመሪያው ወር በደብዳቤ ጠይቆ፣ መልስ ከሌለ ወይም መልሱ ክህደት ከሆነ፣ 2ኛው ወር ሳያልቅ ለመምሪያው ወይም በቀጥታ ለፍርድ ቤት ቢያቀርብ ሽምግልናውንም ሆነ ሥራውን አያጣም። ወደ ሥራው መመለስን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ግን መምሪያውን ሳይጠብቅ ክሱን ቢያስቀድም እመርጣለሁ።

ውሳኔው ሲከፋ፣ ወይም ተፈርዶ ሳይከፈል ሲቀር

በወረዳ ፍርድ ቤት የተሸነፈ ሠራተኛ በ30 ቀናት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ቀኑ የሚሮጠው ውሳኔው ከተሰጠበት ጊዜ አንሥቶ ስለሆነ የውሳኔውን ግልባጭ በዚያው ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ግልባጩ ቢዘገይ የተጠየቀበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ተገቢ ነው። የይግባኙ ማመልከቻ የሥር ፍርድ ቤቱ የትኛውን ማስረጃ እንዳለፈ፣ የትኛውን አንቀጽ በስሕተት እንደተረጎመ ማሳየት አለበት፤ ቀድሞ የተባለውን በደል በበለጠ ምሬት መድገም ዳኛን አያሳምንም። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰበር አቤቱታ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር ብቻ የሚቀርብ ሲሆን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር በመሆኑ የጉዞውንም ወጪ ከሚጠየቀው ገንዘብ ጋር ማመዛዘን ይገባል። ለ16,000 ብር የፍሬ ነገር ክርክር ባሕር ዳር መመላለስን አልመክርም፤ ሕጉ በግልጽ ተጥሶ 64,000 ብር የቀረበት ሰው ግን ከነፃ የሕግ ድጋፉ ባለሙያዎች ጋር ሳይመክር መተው የለበትም።

የረታ ሠራተኛም ገንዘቡን በራሱ ጊዜ አያገኝም። አሠሪው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት፣ የአሠሪውን የባንክ ሒሳብ፣ ተሽከርካሪ ወይም ሌላ ንብረት አጣርቶ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት የፍርድ ባለመብቱ ሥራ ነው። ድርጅቱ ዕዳ በዝቶበት ከሆነ፣ ከሥራ ግንኙነት የመነጨ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው አዋጁ ይደነግጋል፤ ይህ ቅድሚያ ግን በአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ ተጠቅሶ መጠየቅ አለበት። አሠሪው ቤቱን ሊሸጥ ወይም የንግድ ፈቃዱን በሌላ ሰው ስም ሊያዛውር እየተዘጋጀ ነው የሚል ተጨባጭ ምልክት ከታየ፣ ፍርዱን ሳይጠብቁ ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ ንብረቱ እንዲታገድ ለችሎቱ ማመልከት ይቻላል።